አንዲት «ህ»

ሰኔ 24፣ ሰኞ፣ የምሳ ሰዓት

የጽሕፈት ቤት ኃላፊነቱ ማስታወቂያ ዛሬ ተለጠፈ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛው መስመር ላይ የፊደል ስህተት አለ፤ በእኔ እጅ ሳያልፍ መውጣቱ ያስታውቃል። ሰባት ዓመት ሙሉ የዚህን መሥሪያ ቤት ቃለ ጉባኤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማን ምን እንዳለ፣ ማን ማንን እንዳቋረጠ፣ ማን ሳይመጣ እንደመጣ ሆኖ እንደፈረመ ጠይቁኝ። ቦታው ለእኔ ካልሆነ ለማን ሊሆን ነው? ይህን ለሰው አልናገረውም። ማመልከቻዬን ግን ዛሬውኑ አስገባለሁ።

መራጮቹ ሦስት ናቸው፤ አዲሷ ዳይሬክተር፣ የሠራተኛ አስተዳደሩ ሽማግሌ፣ እና የዕቅድ ክፍል ኃላፊው። ኃላፊው ጠዋት ኮሪደር ላይ ሲያልፉ «እንደምን አደርሽ?» አሉኝ። «ደህና፣ እርስዎስ እንደምን አደሩ?» አልኳቸው። እሳቸው ወደ ቢሯቸው፣ እኔ ወደ ኮምፒውተሬ።

ያው ቀን፣ ቤት

እሱ ደወለ። ደንብ አውጥቻለሁ፤ ቢሮ ስጽፍ «እሳቸው»፣ ቤት ስጽፍ «እሱ»። ሰውየው አንድ ነው። ምላስ ካልተለማመደ ይከዳል፣ ስለዚህ በደብተሬም አለማምደዋለሁ። ዓመት ከመንፈቅ እንዲህ ኖረናል።

«አመልክቺ፣ የቀረውን ለእኔ ተዪው» አለኝ። «ብቻ ሰው እንዳያውቅብን። ዝም አይነቅዝም።»

ይህቺን ተረት ይወዳታል። ሚስቱን ከፈታ አምስት ዓመቱ ነው፣ የምንደበቀውም ከሚስት አይደለም፤ ከወሬ ነው። ምክትል ዳይሬክተርነቱን እየጠበቀ ስለሆነ ስሙ በማንም አፍ እንዲገባ አይፈልግም። ልክ ነው። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እንደዚያው አደርግ ነበር።

ሲደውል ስልኬን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ያቀበለችኝ ታናሽ እህቴ ናት። ስክሪኑ ላይ «ቧንቧ ሠራተኛ» ይላል፤ እሱን የመዘገብኩት እንደዚያ ብዬ ነው።

«ይህ ቤት ይህን ያህል ያፈሳል እንዴ?» አለች። «በሳምንት አራት ቀን?»

ሰኔ 27፣ ሐሙስ

እህቴ ዛሬ በስልክ ከተዋወቀችው ልጅ ጋር ወጥታ ሳትቆይ ተመለሰች። «የሥራ ቦታህ የት ነው ብዬ ስጠይቀው ዞር አለብኝ፤ ሻዬን ጨርሼ መጣሁ» ብላ ጫማዋን እያወለቀች ሳቀች። ገና በመጀመሪያ ቀን «አንተ» ብላ፣ ዓይን ዓይኑን እያየች ጠይቃው። «ደረቅ ነሽ» አልኳት። «ደረቅ አይደለሁም፣ ጊዜ የለኝም» አለች። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ጊዜ የሌላት እሷ ናት እንግዲህ።

እኔ እሱን የመጀመሪያ ጊዜ «አንተ» ለማለት አራት ወር ፈጅቶብኛል። ራሱ ነው የለመነኝ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ፊቴ እንዴት እንደጋለ ዛሬም ትዝ ይለኛል።

ሐምሌ 3፣ ረቡዕ፣ ቢሮ

ወጣ። ከአፌ ወጣ። ዘጠኝ ሰው ፊት።

አሁን መጻፍ አልችልም።

ያው ቀን፣ ቤት

እስቲ በሥርዓቱ ልጻፈው፣ ቃለ ጉባኤ እንደሆነ።

ወርሃዊው የኃላፊዎች ስብሰባ ነበር። እኔ እንደ ወትሮው ጥግ ላይ፣ አንገቴን ደፍቼ እጽፋለሁ። ዳይሬክተሯ የዕቅድ ክፍል ሪፖርት መቼ እንደሚደርስ ጠየቀች። እሱ «በስድስት ሳምንት» አለ። ትናንት በስልክ ግን አራት ሳምንት ነበር ያለኝ፤ አጀንዳው ላይም አራት ብዬ ጽፌአለሁ። ቀና ሳልል፣ እስክሪብቶዬን ሳላቆም፣ ምን ብል ጥሩ ነው?

«አራት ሳምንት ብለህ ነበር እኮ።»

የሰው ሁሉ ራስ ወደ እኔ እስኪዞር ድረስ እኔም ቃሉ አልገባኝም። «ብለው ነበር» ማለት ነበረብኝ። በአንዲት «ው» ፈንታ አንዲት «ህ»። «ራዲዮ» የምንለው የግዥው ሰውዬ ሳል ያዘው፤ ሳል አልነበረም። እሱ መነጽሩን አወለቀና ቀስ ብሎ አየኝ።

«እህቴ፣ ቤትሽ ያለሽ መሰለሽ እንዴ?» አለ።

ሳቁ። ሁሉም ሳቁ፣ ሽማግሌው ሳይቀሩ። ዳይሬክተሯ ብቻ አልሳቀችም፤ መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥላ እኔን አየች። እሱ መነጽሩን መልሶ አደረገና «ስድስት ሳምንት ነው ያልኩት፤ እንደዚያ ይጻፍ» አለ። ጻፍኩ።

ለሁለታችን ብሎ ነው ያደረገው። እንዲያ ባይለኝ ኖሮ ያኔውኑ ይነቃብን ነበር። ጠንከር ማለት ነበረበት። ይህን ዛሬ ስንት ጊዜ ለራሴ እንዳልኩት አልቆጠርኩም።

አንድ ነገር ብቻ። እሱ እንዲህ ሊሳሳት አይችልም። ለእኔ ቢሮም «አንቺ» ነው፣ ቤትም «አንቺ» ነው። ምላሴን መቀያየር ያለብኝ እኔ ብቻ ነኝ። ይህን የምለው ቂም ይዤ አይደለም።

ሐምሌ 4፣ ሐሙስ፣ የምሳ ሰዓት

ቃለ ጉባኤውን ተየብኩ። ያችን ቃል አላስገባሁም። በሰባት ዓመት ውስጥ የተባለ ነገር ስተው የመጀመሪያዬ ነው።

«ብለህ ነበር እኮ» የቢሮው ቀልድ ሆናለች። ሾፌሮቹ ቁልፍ ሲቀባበሉ «ዘጠኝ ሰዓት ብለህ ነበር እኮ»፣ ራዲዮ ስልክ ሲያነሳ «እደውላለሁ ብለህ ነበር እኮ»። እኔ ስገባ ዝም ይላሉ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእኔ ግን ዛሬ አንዷም አላመለጠችው።

መዝገብ ቤት ፋይል ልመልስ ስወርድ እትዬ ከመሰላሉ ላይ ሆነው አዩኝ። እዚህ መሥሪያ ቤት ከሁላችንም በፊት የነበሩ እሳቸው ናቸው፣ ዳይሬክተሯም ጥበቃውም «እትዬ» ነው የሚሏቸው።

«ሰማሁ፣ ልጄ» አሉኝ። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።»

«ድካም ነው፣ እትዬ።»

«ይሁን። ድካም ግን ሰው አይመርጥም» አሉና ወደ ፋይላቸው ዞሩ።

ሐምሌ 6፣ ቅዳሜ

ከተማው ዳር ያለችው ካፌ ሄድን። ሁለት አውቶቡስ ነው፤ እሱ በመኪናው ቀድሞኝ ይደርሳል። ወንበሩን አዙሮ ጀርባዬን ለመንገዱ አስቀመጠኝ። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምንቀመጠው፤ ዛሬ ግን ልብ አልኩት።

«ወሬው እስኪያልፍ ለጥቂት ጊዜ አንተያይ» አለ። በጠረጴዛው ሥር እጄን ይዞኛል። «ተቆጣህብኝ?» አልኩት። «ምን እቆጣለሁ፣ አንቺ እኮ ልዩ ሰው ነሽ።»

ያች ቃል የራሳችን ቀልድ አላት። በጽሑፍ ሲልክልኝ «ሰው»ን ሁልጊዜ በንጉሡ «ሠ» ነው የሚጽፈው። አንድ ቀን «ሰው በእሳቱ ሰ ነው የሚጻፈው፣ ጌታዬ» ብዬ አረምኩት። «ሌላው በእሳቱ ይጻፍ፣ ለአንቺ ግን ንጉሡ ነው የሚገባሽ» ብሎ መለሰልኝ። መልእክቱን እስከ ዛሬ አላጠፋሁትም።

ልንወጣ ስንል ስልኩ ጠፋበት። ልፈልግለት ደወልኩ፤ ከኮቱ ሥር ጮኸ። ቀድሜ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ስክሪኑ ላይ «ቃለ ጉባኤ» ይላል። ሳቅኩ። እኔም ቧንቧ ሠራተኛ አይደል ያልኩት? እኩል ነን።

ሐምሌ 14፣ እሑድ

ስምንት ቀን ሆነው፣ አልደወለም። «አንተያይ» አለ እንጂ «አንደዋወል» አላለም። ወይስ ብሏል? ቃለ ጉባኤ የለኝ።

እናቴ ደወለች፣ እንደ እሑዱ ልማድ። «የሚፈልግሽ ጠፍቶ ነው ወይስ የምትፈልጊው?» ብላ ጀመረች። ለማስቀየስ ብዬ የስብሰባውን ነገር እንደ ቀልድ ነገርኳት፤ «አንዱን አለቃ በስህተት አንተ ብዬው ጉድ ፈላ» አልኳት። እንደምትስቅ ጠብቄ ነበር። አልሳቀችም።

«እኔ አባትሽን አንድ ቀን አንተ ብዬ አላውቅም» አለች። «አምስት ልጅ ወልጄላቸው። ያን ጊዜ እንደዚያ ነበር፣ ምንም አልመሰለኝም። በመጨረሻዋ ሳምንት አልጋ ላይ ሳሉ እጄን ይዘው ‹እስቲ አንድ ጊዜ አንተ በዪኝ› አሉኝ። ምን እንደፈለጉ እንጃ። እንደ ጓደኛ መሆን አምሯቸው ይሆን?»

«አልሻቸው?»

«ምላሴ እምቢ አለኝ። ነገ እላቸዋለሁ አልኩ። ነገ የለም።» ከዚያ ድምፅዋን ጠረገችና «አንተ ያልሽው ሰውዬ ግን ተቆጣ ወይስ ደስ አለው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ለምን ደስ ይለዋል?» አልኩ።

«እኔ እንጃ። አባትሽን ደስ ይላቸው ነበር» አለች።

ሐምሌ 17፣ ረቡዕ፣ ቢሮ

እትዬ አስጠሩኝ። በሩን ዘጉ። «እኔ አላሳየሁሽም፣ አንቺም አላየሽም» ብለው ከማመልከቻዬ ፋይል ውስጥ አንድ ወረቀት ገለጡልኝ። የተተየበ ነው፣ ፊርማ የለውም፤ የኮሚቴ አባላት የሚሰጡት ምስጢራዊ አስተያየት።

«ይህች ሠው ለበላይ ኃላፊ ተገቢውን አክብሮት የማታሳይ፣ የቢሮና የግል ጉዳይን የማትለይ በመሆኗ ለቦታው አትመጥንም።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሠው።

«ምነው ፊትሽ?» አሉ እትዬ። «ምንም፣ የፊደል ስህተት አለበት» አልኳቸው።

ያው ቀን፣ ቤት

ስንቱ ነው «ሰው»ን በንጉሡ የሚጽፈው። ግማሹ ቢሮ እንደዚያ ነው፤ በቀን አሥር ጊዜ አርማለሁ። ሽማግሌው መተየብ አይችሉም፣ ደብዳቤያቸውን ሁሉ የምተይብላቸው እኔ ነኝ። ግን ለሌላ ሰው ሰጥተው ይሆናል። ዳይሬክተሯ በእጇ ነው የምትጽፈው፣ ፊደሏም አንድ አይዛነፍም። ግን ተቻኩላ ይሆናል። ሰው ሲቸኩል ይሳሳታል።

እሱ እንደዚህ አያደርግም። ቢያደርግም ለጊዜው ነው፤ ጥርጣሬ ለማጥፋት ብሎ፣ ኋላ ሊያስተካክለው።

እህቴ ራቷን እየበላች «ቧንቧው ተሠራ መሰለኝ፣ ከሰሞኑ አይደውልም» አለች። ተነስቼ መታጠቢያ ቤት ገባሁ፤ ውሃውን ከፍቼ ብዙ ቆየሁ።

ሐምሌ 24፣ ረቡዕ

ደወለ። በአሥራ ስምንተኛው ቀን። ድምፁን ስሰማ ደስ አለኝ። አፍራለሁ፣ ግን ደስ አለኝ።

«ማመልከቻሽን ብታነሺ ይሻላል» አለ። «ለሁለታችንም ነው። አሁን ቦታው ቢሰጥሽ ‹በእሱ በኩል ነው› ይላሉ። ሳይቃጠል በቅጠል። ለሚመጣው ዓመት እኔ ምክትል ስሆን ያንቺን ነገር በአንድ ቀን እጨርሰዋለሁ።»

ስለ ወረቀቱ ልጠይቀው አፌን ከፈትኩ። ያወጣሁት ቃል «እሺ» ነው።

ሐምሌ 26፣ ዓርብ

የማንሻ ደብዳቤውን ጽፌ ጨረስኩ። ሦስተኛ ረቂቅ ነው። «በግል ምክንያት።» እህቴ ከትከሻዬ በላይ አነበበችው። ሁሉን ታውቃለች፤ ትናንት ነገርኳት፣ ወይም ነገረችኝ፣ ከሁለት አንዱ ነው።

«ያምራል» አለች። «አንድ የፊደል ስህተት የለበትም።»

ከዚያ እንደማሾፍ ሳይሆን እንደ እናታችን ቀስ ብላ «እሱ ከጎንሽ ሲቀመጥ በመንገድ የሚያልፍ ሰው ፊትሽን አይቶ ያውቃል?» አለችኝ።

ዝም በይ አልኳት። ደብዳቤውን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ሰኞ አስገባዋለሁ።

ሐምሌ 29፣ ሰኞ፣ ቢሮ

አላስገባሁትም። ነገ ቃለ መጠይቅ ነው። እሳቸው ኮሪደር ላይ በዓይናቸው ጠየቁኝ፤ ደብዳቤ የምቆጥር መስዬ አንገቴን ደፋሁ።

ሐምሌ 30፣ ማክሰኞ፣ ቤት

ዛሬ ደንቤን አልጠበቅኩም። ቤት ሆኜም «እሳቸው» ብዬ ልጻፍ፤ እጄ ሌላውን እምቢ ብሏል።

ደብዳቤው ቦርሳዬ ውስጥ እንዳለ ገባሁ። ሦስቱ ተቀምጠዋል፤ እሳቸው በቀኝ በኩል። እኔ ተወዳዳሪ ስለሆንኩ ቃለ ጉባኤውን እንዲይዝ የተጠራው ራዲዮ ነው። ከሰው ሁሉ እሱ። ቦርሳዬን ጉልበቴ ላይ አደረግኩ።

የሥራ ጥያቄ ጠየቁኝ፣ መለስኩ። ደህና መለስኩ ይመስለኛል። መጨረሻ ላይ ዳይሬክተሯ ያን ወረቀት አወጣችና «ከአባላቱ አንዱ የሰጠው አስተያየት ነው፣ መልስ የመስጠት መብት አለሽ» ብላ ገፋችልኝ።

ከዚህ በፊት ያላየሁ መስዬ አነበብኩ። ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር፤ ይህን እውነቴን ነው የምጽፈው። እጄ ግን እስክሪብቶ አነሳ። «ሠ»ን ሰርዤ ከላይዋ «ሰ» ጻፍኩ። የሰባት ዓመት ልማድ ነው፤ ስህተት አይቼ ማለፍ አልችልም።

«ይቅርታ» አልኩ። «ሰው በእሳቱ ነው የሚጻፈው።»

እሳቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዳይሬክተሯ ያረምኩትን ፊደል አየች። የሪፖርታቸውን ረቂቅ በየሳምንቱ የምታነበው እሷ ናት። ከዚያ ቀና ብላ እሳቸውን አየች፣ ልክ ያን ዕለት እንዳየቻቸው።

«ስለ አክብሮቱስ?» አለችኝ።

«ብለህ ነበር ማለቴ እውነት ነው» አልኩ። «የኃላፊዎች ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ላይ ያላስገባሁት እኔ ነኝ፣ ይግባ። ግን ከዓመት በላይ እሳቸውን አንተ ስላቸው ኖሬአለሁ። አንድ ቀን አልከፋቸውም። ራሳቸው ናቸው ያስለመዱኝ። ጥፋቴ ቦታውን መሳቴ ነው።»

«ምን ማለቷ ነው?» አሉ እሳቸው፣ ለዳይሬክተሯ። ለእኔ አይደለም። ክፍሉ ውስጥ እንደሌለሁ።

ራዲዮ እስክሪብቶውን አንስቶ አየኝ። ቀልድ ፊቱ ላይ አልነበረም። «እንዳለ ልጻፈው?» አለ።

«እንዳለ» አልኩ።

ደረጃውን ስወርድ ነው ያለቀስኩት። አሁን ሁሉም ያውቃል። ነገ «ለቦታው ብላ ነው» ይላሉ፣ እናቴም ትሰማ ይሆናል። ደህና አደረግኩ ወይስ በገዛ እጄ ራሴን አዋረድኩ? ደብዳቤው ቦርሳዬ ውስጥ ነው ያለው። እህቴ ሻይ አፍልታ አጠገቤ ተቀመጠች።

ነሐሴ 3፣ ዓርብ፣ የምሳ ሰዓት

ሁለቱ የሒሳብ ክፍል ሴቶች እኔ ስገባ ከጠረጴዛው ተነሱ። ሦስተኛዋ፣ ስሟን እንኳ በቅጡ የማላውቃት አዲሷ ልጅ፣ ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋችና ሳትናገር በላች። ስትነሳ «እኔም አንድ ቧንቧ ሠራተኛ አለኝ» የምትል መሰለኝ። አላለችም፣ እኔ ነኝ ያሰብኩት።

ነሐሴ 9፣ ሐሙስ፣ ቤት

ውጤቱ ተሰረዘ። ቦታው እንደገና ይወጣል፣ በሌላ ኮሚቴ። እሳቸው ከኮሚቴው ተነስተዋል፤ ምክትልነቱ ቀረባቸው፣ አልቀረባቸውም፣ ወሬው ብዙ ነው። አዲሱን ማስታወቂያ እንድጽፍ ዳይሬክተሯ ለእኔ ሰጠችኝ። «ስታመለክቺ ሌላ ሰው ያርመው» አለች፤ ቀልድ ይሁን ምክር አልገባኝም። ማመልከቻዬን ጽፌአለሁ። ያቺን የማንሻ ደብዳቤ ግን ከቦርሳዬ አውጥቼ ቀደድኳት።

ከሥራ ስወጣ እሳቸው አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ቆመው አገኘኋቸው፤ በቀን ብርሃን፣ ሰው ሁሉ በሚያይበት። መኪናቸውን የት እንዳቆሙ አላውቅም። ይህን ያህል ጊዜ ስመኘው የኖርኩት ይህንን ነበር፤ ሰው ፊት አጠገቤ እንዲቆሙ።

«ምን አደረግሽኝ?» አሉ። ፊታቸው ከስቷል። «አንቺ እኮ ታውቂያለሽ፣ ለሁለታችን ብዬ ነው። አንድ ነገር በዪኝ እንጂ። እንደ ድሮው አንተ በዪኝና ስደቢኝ።»

አዘንኩላቸው። ይህን አልደብቅም። አንድ ጊዜ «አንተ» ብላቸው ሁሉ ነገር ወደነበረበት እንደሚመለስ አወቅኩ፤ እሳቸውም ያወቁ መሰለኝ፣ ያችን ቃል ነው ሊወስዱ የመጡት። አባቴ አልጋ ላይ ሆነው የለመኗትን እናቴን አሰብኩ።

አውቶቡሱ መጣ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። «መንገዱን ይልቀቁልኝ።»

ምላሴ እምቢ የሚለኝ መስሎኝ ነበር። አላለኝም።